«እማዬ፣ ድነሻል?»፦ ስለ እምነት፣ ስለ ሥራና ስለ መዳን የከፈትኩት የውይይት ክር

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ጥያቄ ላምጣው አላምጣው እያልኩ ሁለት ሳምንት አመነታሁ። በሃይማኖት ጉዳይ ክር ከፍቶ ሰው ማነካካት አልወድም። ግን ነገሩ ቤታችን ውስጥ ሳይቋጭ ስለቀረ እናንተ ጋ ይዤው መጣሁ።

የፋሲካ ምሳ ላይ ነበርን። ታናሽ እህቴ ከሦስት ዓመት በፊት ፕሮቴስታንት ሆናለች። እናቴ ኪዳን አድርሳ፣ ቅዳሴ አስቀድሳ፣ ጾም ይዛ የኖረች ኦርቶዶክስ ናት። ዶሮው እየተበላ እህቴ ድንገት ወደ እናቴ ዞር ብላ «እማዬ፣ ድነሻል?» አለቻት። እናቴ ጎርሳ ስትጨርስ «ጉልበቴ ትንሽ ይይዘኛል እንጂ ሌላው ደኅና ነው፣ ተመስገን» አለች። እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እህቴ ግን እንባዋ መጣ። ቡናው ሳይፈላ ተነሥታ ሄደች።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ሰው የሚድነው በእምነት ብቻ ነው ወይስ በእምነትና በምግባር? ደግሞስ ሰው በሕይወት እያለ አፉን ሞልቶ «ድኛለሁ» ማለት ይችላል? የእኔን ግምት ልናገር። እህቴና እናቴ የተለያዩት በክርስቶስ አይደለም። በሥራም አይመስለኝም። የተለያዩት በግሡ ነው። አንዷ ያለቀ ነገር ትናገራለች፣ ሌላዋ ገና የሚፈጸም ነገር ትጠብቃለች። ተሳስቼ ከሆነ አርሙኝ። በጨዋ ደንብ ብቻ።

* * *

ክሩ ዘጠኝ ቀን ሆነው። 36 መልስ ተጽፎበታል። አሁን የሚገባ ሰው ሁሉን ማንበብ ስለሚሰለቸው፣ ማን ምን እንዳለ በራሴ አነጋገር ከዚህ በታች አስቀመጥኩ። ሁሉንም እኩል አልዘረዘርኩም። የገረመኝ ላይ ቆይቻለሁ፣ የሰለቸኝን ዘልያለሁ።

መልስ 1 የሐዋሳ ሴት ናት። ሁላችንንም ሰላም ብላ ጀመረች። እህቴ የጠየቀችው ከፍቅር እንጂ ከንቀት እንዳልሆነ እናቴ እንድታውቅላት ለመነች። ከዚያ ኤፌሶን 2፥8 እና 9ን አነሣች። ጳውሎስ እዚያ ላይ ጸጋው በእምነት «አድኖአችኋል» እንጂ ያድናችኋል እንደማይል፣ ስጦታ ነው ካለም ዋጋ ሊከፈልበት እንደማይችል ጻፈች። የተከፈለበት ስጦታ ግዢ ነው ባይ ናት። ለእሷ ጉዳዩ እዚያ ላይ ያበቃል።

መልስ 2 የሰንበት ትምህርት ቤት መምህር ነው። እሱም በትሕትና «እህቴ» ብሎ ከጠራት በኋላ አንድ ቁጥር ብቻ ወደ ታች እንድትወርድ ጠየቃት። ቁጥር 10 ለመልካም ሥራ እንደተፈጠርን ይናገራል። ማርቆስ 16፥16 ያመነ ብቻ ሳይሆን የተጠመቀም ይላል። ፊልጵስዩስ 2፥12 ደግሞ የራሳችሁን መዳን በፍርሃትና በመንቀጥቀጥ ፈጽሙ ይላል። ቀጥሎ ብዙ ሰው የማይጠብቀውን ነገር ጨመረ። ጸጋ ይቀድማል የሚለውን ኦርቶዶክስም ያምናል አለ። በጾሙ ብዛት መንግሥተ ሰማያትን የሚገዛ እንደሌለ፣ በጸሎተ ሃይማኖት ስለ እኛ ስለ ሰዎች፣ ስለ መዳናችንም ከሰማይ ወረደ ስንል እኛ ምንም ሳንሠራ እሱ እንደመጣ መመስከራችን እንደሆነ አስረዳ። ክሩ እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ ተቃቅፈን እንለያይ ነበር።

መልስ 3 ሰላምታም የለው። ያዕቆብ 2፥24ን ጠቅሶ በመላው መጽሐፍ ቅዱስ «እምነት» እና «ብቻ» ጎን ለጎን የቆሙት እዚህ ብቻ እንደሆነ፣ እዚያም «ሳይሆን» የሚል ቃል እንደሚከተላቸው ጽፎ ወጣ። አየሁት፣ እውነቱን ነው። ይህ ሰው ኋላ ይመለሳል፣ አትርሱት።

መልስ 4 ለእኔ ከሁሉም ይበልጥብኛል። ማን እንደሆነ፣ የትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደሚሄድ አልተናገረም። ጳውሎስና ያዕቆብ ሁለቱም አብርሃምን ምስክር መጥራታቸውን፣ ግን ከተለያየ ቀን እንደጠሩት አሳየ። ጳውሎስ በሮሜ 4 የሚያቆመን ዘፍጥረት 15 ላይ ነው። አብርሃም ሌሊት ወጥቶ ከዋክብት ቁጠር ተብሏል። ይስሐቅ ገና አልተወለደም። ግዝረትም ገና አልታዘዘም። ባዶ እጁን ነው። አመነ፣ ጽድቅ ሆኖ ተቈጠረለት። ያዕቆብ የሚወስደን ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ ዘፍጥረት 22 ነው። ልጁ አድጎ እንጨት ተሸክሟል፣ አባትየው ቢላዋ ይዟል። ያኔ ያ የከዋክብት ሌሊት እምነት ተፈተነ፣ ተፈጸመም። የሁለቱ ተከራካሪም አንድ አይደለም ይላል ጸሐፊው። ጳውሎስ የሚከራከረው አሕዛብ ካልተገረዙ አይድኑም ከሚል ሰው ጋር ነው። ያዕቆብ የሚከራከረው ደግሞ የተራቆተና የተራበ ወንድሙን በባዶ አፍ ሸኝቶ እምነት አለኝ ከሚል ጋር ነው። አንድ ሐኪም ለደም ግፊት ጨው ተው ሲል፣ ሌላው ተቅማጥ ለያዘው ጨውና ስኳር በጥብጠህ ጠጣ ቢል፣ ሐኪሞቹ ተጣሉ አይባልም።

እኔ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ያ የያዕቆብ ሰውዬ ወንድሙን ሲሸኝ ምን አለው መሰላችሁ? «በደኅና ሂዱ»። ደኅና! ደኅንነትም ድኅነትም ከዚያው ግንድ ናቸው። በቃሉ አዳነው፣ በእጁ ግን አላዳነውም።

መልስ 5 የፕሮቴስታንት ተሐድሶ ጀማሪው ማርቲን ሉተር የያዕቆብን መልእክት ከመጽሐፍ ቅዱስ ቀዶ ጥሎታል አለ። እንዲህ ዓይነቱ ወሬ እኛ ሰፈርም ይወራል። ጀርመን የሚኖረው መልስ 6 ረጋ ብሎ አረመው። ሉተር እ.ኤ.አ. በ1522 አዲስ ኪዳንን ወደ ጀርመንኛ ሲያወጣ በመቅድሙ ላይ የያዕቆብን መልእክት ከገለባ ጋር ማመሳሰሉ እውነት ነው። በኋለኞቹ እትሞች ግን ያ አባባል ወጥቷል። መልእክቱን ከዕብራውያን፣ ከይሁዳና ከራእይ ጋር ወደ መጨረሻ አዛወረው እንጂ አላወጣውም። ሮሜ 3፥28 ላይ «ብቻ» የሚል ቃል ግን ጨምሯል። በግሪኩ የለም። ለምን ጨመርክ ተብሎ ሲወቀስ በ1530 ስለ ትርጉም በጻፈው ደብዳቤ መልስ ሰጠ። የጀርመንኛ ባሕርይ ነው አለ። አንዱን አዎ፣ ሌላውን አይደለም ስንል «ብቻ» እንላለን፤ ገበሬው እህል ብቻ አመጣ፣ ገንዘብ አላመጣም እንደምንለው። ይህን ሳነብ ለካ አማርኛችንም እንደዚያው ነው ብዬ ተገረምኩ።

ይኸው ሰው ሌላም ነገር አመጣ። እ.ኤ.አ. በ1534 አባ ሚካኤል የሚባል ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ሉተር ያስተምርበት ወደነበረው የጀርመን ከተማ ወደ ዊተንበርግ ድረስ ሄዶ ከሉተርና ከባልደረባው ከሜላንክቶን ጋር ተነጋግሯል። የድጋፍ ደብዳቤም ተጽፎለታል። ይህን የማያውቅ ብዙ ነው። እኔም አላውቅም ነበር።

መልስ 7 ነገሩን አልተቀበለም ማለት አይደለም፣ ግን ከዚህ ምንም አይገኝም ባይ ነው። ዲያቆኑ የተነጋገረው በአስተርጓሚ ነው፤ በሥላሴና በቅዳሴ ሥርዓት መስማማት በመዳን ትምህርት ተስማማ አያሰኝም። ተገቢ ማስጠንቀቂያ ነው። ጥፋቱ አጨራረሱ ላይ ነው። ፕሮቴስታንቶች አገር ውስጥ ሥር ስለሌላቸው አባ ሚካኤልን ሊሻሙ መጡ ብሎ ደመደመ።

ከዚያማ እሳቱ ተነሣ። መልስ 8 እናንተ ሥርዓት እንጂ ወንጌል የላችሁም አለ። 9 እና 10ን አድሚኑ አጥፍቷቸዋል። ከመጥፋታቸው በፊት አንብቤያቸው ነበር፣ ባይጻፉ ይሻል ነበር ከማለት ሌላ የምለው የለኝም። በመልስ 11 አድሚኑ ሌላ ስድብ ከመጣ ክሩን እንደሚዘጋ አስጠነቀቀ።

ነገሩን ያበረደችው ነርስ ናት፣ መልስ 12። በሳንባ ነቀርሳ ክፍል ስለምትሠራ «ዳነ» የሚለውን ቃል በየቀኑ ትጠቀምበታለች። የነቀርሳ መድኃኒት በተለመደው ሕክምና ስድስት ወር ይወሰዳል። ሁለት ወር አካባቢ ግን ሳሉ ይቆማል፣ ምግብ ይስማማል፣ ፊት ይሞላል። ያኔ በሽተኛው ድኛለሁ ብሎ መድኃኒቱን ይተዋል። በሽታው ጉልበት አበጅቶ ይመለሳል። እሷ የጽሑፉን ክርክር እንደማታውቅ፣ ግን ድኛለሁ ባይን ስትሰማ ሁልጊዜ ስንተኛ ወርህ ነው ብላ መጠየቅ እንደሚያምራት ጻፈች።

መልስ 13 ወዲያው ደረሰላት። ያዳነው መድኃኒቱ ነው ወይስ የዋጠው ጉሮሮ? ስድስት ወር ሙሉ ክኒን የዋጠ ሰው በራሴ ጥረት ዳንኩ ብሎ አይፎክርም፣ መድኃኒቱንም እሱ አልቀመመውም ይላል። ነርሷ በልብ ምልክት መለሰችለት። እንደዚህ ቢከራከሩ ምናለ!

መልስ 14 የቋንቋ መምህር ነኝ ባይ ነው። የእኔን የግሥ ነገር ወደደው። ጳውሎስ ሦስቱንም ጊዜ እንደሚጠቀም በዝርዝር አሳየ። ኤፌሶን 2፥8 ላይ ያለፈና ውጤቱ እስከ አሁን የቆመ ነው። 1ኛ ቆሮንቶስ 1፥18 ላይ በመዳን ላይ ስላሉት ይናገራል፣ አማርኛውም «ለእኛ ለምንድን» ይለዋል። ሮሜ 5፥9 ላይ ከቁጣው «እንድናለን» ይላል፣ ገና ወደፊት። ስለዚህ እህቴም እናቴም ጥቅስ አላቸው። ከዚያ ወደ ሌላኛው ቃል ገባ። አመነ፣ ታመነ፣ ታማኝ የሚሉት ቃላት ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው። በአማርኛ አማኝን ከታማኝ ለመለየት አንድ ፊደል ይበቃል። ግሪኩም «ፒስቲስ» ሲል እምነትንም ታማኝነትንም ሊያመለክት እንደሚችል አስታወሰ። በመሃል ቤት ቀልድም ጣለ። ድሮ አንድ ሰውዬ ከደኅንነት ነኝ ሲለው ሰባኪ ይሁን ሰላይ አልገባውም ነበር።

መልስ 15 ጡረታ የወጣ የግብርና ባለሙያ ናቸው። «ጸደቀ» የሚለውን ቃል ነው የያዙት። በእሳቸው ሙያ የሚጸድቀው ችግኝ ነው። ሐምሌ ላይ ተተክሎ ፎቶ የተነሣ ችግኝ ጸደቀ አይባልም። ክረምት አልፎ፣ በጋ መትቶት፣ ፍየል ሳይቀነጥበው ሲቀር ነው ተመልሰው ሄደው የጽድቀት መጠኑን የሚቆጥሩት። ሰውም እንደዚያ ይመስላቸዋል። በተተከለበት ቀን ጻድቅ ነኝ ማለት ለእሳቸው ቸኩሎ ሪፖርት መጻፍ ነው።

መልስ 16 በአንድ መስመር ዘጋባቸው። ችግኝ ራሱን ተክሎ አያውቅም አለ። ሰውዬው የሳቅ ምልክት ሰጡት።

ከ17 እስከ 20 ያለው ከርዕሱ ወጥቷል። አንዱ ስለ ችግኝ ዘመቻ ቁጥር አጉረመረመ። ሌላዋ ግቢዋ ውስጥ የተከለችው አቮካዶ ለምን እንደሚደርቅባት ጠየቀች። የግብርናው አባታችን ሥሩ ላይ ውሃ እየቋጠረ ይሆናል ብለው ጉድጓዱን እንዴት እንደምታስተካክል ረጅም ምክር ሰጧት። እውነቱን ለመናገር ከክሩ ሁሉ የተግባር ጥቅም ያለው ይኸው ነው።

መልስ 21 ካቶሊክ ነው፣ ትንሽ ቅር ብሎታል። ስለ ሉተር ተሐድሶ ሁሉም ሲያወራ የሚከሰሰውን ወገን፣ ካቶሊክን፣ የጠየቀ የለም አለ። ለሉተር መልስ የሰጠው የካቶሊኮች የትሬንት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1547 ስለ መጽደቅ፣ ማለትም በእግዚአብሔር ፊት ጻድቅ ስለ መሆን፣ ባወጣው ውሳኔ፣ ከመጽደቅ የሚቀድም ነገር፣ እምነትም ይሁን ሥራ፣ የመጽደቅን ጸጋ በዋጋ እንደማያስገኝ በግልጽ አስቀምጧል። ካቶሊክ በሥራው መንግሥተ ሰማያትን ይገዛል የሚለው ስም ማጥፋት ነው ለእሱ። ሌላው የጠቀሰው ጥቅምት 31 ቀን 1999 እ.ኤ.አ. አውግስበርግ ላይ የተፈረመውን የጋራ መግለጫ ነው። የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽንና የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በመጽደቅ ትምህርት መሠረታዊ እውነቶች ላይ ተስማምተናል ብለው ፈረሙ። ሜቶዲስቶች በ2006፣ የተሐድሶ አብያተ ክርስቲያናት ኅብረት በ2017 ተቀላቀሉ። የመግለጫው ፍሬ ነገር በእኛ ምንም ብቃት ሳይሆን በክርስቶስ የማዳን ሥራ በማመን፣ በጸጋ ብቻ ተቀባይነት እናገኛለን፤ መንፈስ ቅዱስንም እንቀበላለን፤ እሱም ልባችንን አድሶ ለመልካም ሥራ ያስታጥቀናል የሚል ነው። «ጸጋ ብቻ» ላይ ተስማምተው «እምነት ብቻ» ላይ ጥቂት ልዩነት አቆይተዋል ብሎ ጨረሰ። ጥሩ መልስ ነው። ርዝመቱ ግን የአንድ ጾም ያህል ነበር።

መልስ 22 የመካነ ኢየሱስ አባል ናት። ቤተ ክርስቲያኗ የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን አባል ስለሆነች ያ ፊርማ እኛንም ይመለከታል አለች። ግን እሷን የሚያኮራት ከዚያ በፊት የሆነው ነው። በ1964 ዓ.ም. መካነ ኢየሱስ ለፌዴሬሽኑ ደብዳቤ ጻፈች። ያኔ ከውጭ የሚረዱት ለልማት ገንዘብ ይሰጣሉ፣ ለወንጌል ሥራ ግን እጃቸው ያጥራል። ደብዳቤው ሰውን ለሁለት አትክፈሉት፣ ሥጋውንም ነፍሱንም በአንድነት እናገለግላለን የሚል ነበር። የዚያን ጊዜው ዋና ጸሐፊ ጉዲና ቱምሳ በ1971 ዓ.ም. በደርግ ተገደሉ። እምነትና ሥራ ይለያያሉ ወይ የሚለውን አውግስበርግ ላይ ከመጠየቅ እሳቸውን መጠየቅ ይቀላል ነው የምትለው።

መልስ 23 ይህን ሁሉ ወረቀት ረግጦ አለፈ። በጀርመን ከተማ የተፈረመ ነገር ለእሱ ሰፈር ምንም አልፈየደም። የእነሱ ዕቁብ ሰብሳቢ በየስብሰባው ቆሞ መዳኑን የሚመሰክር ሰው ነበር። አንድ ቀን የሃያ ሁለት ሰው ብር ይዞ ጠፋ። እስከ ዛሬ ስልኩ አይሠራም። ጸሐፊው ሰውዬው አሁንም ድኛለሁ እያለ ይሆን ወይ ብሎ ይጠይቃል። ምሬቱ ከጽሑፉ ይጨሳል፣ ድርሻው ስንት እንደነበር ግን አልተናገረም።

መልስ 24 ለኦርቶዶክሶችም የሚሆን አላት። የእሷ ሰፈር ባለ ሱቅ ሰባቱንም አጽዋማት አያጎድልም። ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ አይቀምስም። ሚዛኑ ግን ከኪሎ መቶ ግራም ይበላል። ፈሰኩም ጾሙም በእሷ ሽንኩርት ላይ ነው።

እነዚህ ሁለት ሰዎች ካሰቡት በላይ ጠቃሚ ነገር አመጡ። ምክንያቱም መልስ 25 ዕቁብ የበላው ሰው ከመጀመሪያውም በእውነት አላመነም አለ። እውነተኛ እምነት ፍሬ ሳያፈራ አይቀርም፣ ዛፍ በፍሬው ይታወቃል። ያኔ የያዕቆቡ ሰውዬ፣ መልስ 3፣ በመልስ 26 ተመለሰ። ምላሱ አልደነዘዘም። በፊት በር ያባረራችሁትን ሥራ በጓሮ በር ታስገባላችሁ አለ። ሥራ ለመዳን አያስፈልግም ትላላችሁ፤ ሥራ ሲጎድል ግን አልዳነም ትላላችሁ። ታዲያ ልዩነታችሁ ምንድን ነው?

ትክክለኛው ጥያቄ ይህ ነው። ከክሩ ግማሽ የሚበልጠው ሰው የሚሸሸውም ይህንኑ ነው። አንድ ሰው ሥራው ሥር ሳይሆን ፍሬ ነው ብሎ መመለስ ይችላል፣ ሁሉም የሚለውም ይህንን ነው። ዛፉ እንደሆነ እኔን ሰልችቶኛል። ገላትያ 5፥6 ያለ ዛፍ ይናገረዋል፤ በፍቅር የሚሠራ እምነት። እዚያ ላይ ሥራውን የሚሠራው ማን ነው? ሰዋስዉ እምነት ራሱ ነው ይላል። እምነቱ ካለ ሥራውን ሌላ ቦታ መፈለግ አያስፈልግም። ከሌለም አትሸፍነውም።

27 እና 28 ሁለት ፕሮቴስታንቶች እርስ በርስ ናቸው። አንዱ የዳነ አይጠፋም አለ። ሌላው ሊጠፋ ይችላል አለ። እ.ኤ.አ. በ1618 እና 1619 ሆላንድ ዶርት ላይ የተሰበሰበው ጉባኤ ይህንኑ ሲጨቃጨቅ ስድስት ወር እንደፈጀ ሦስተኛ ሰው ሳያስፈልግ ራሳቸው ተጠቃቀሱ። ኦርቶዶክሶቹ ዳር ቆመው አዩ።

መልስ 29 ጠበቃ ነው። ይህችን ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ፍርድ ቤት ክሱ ከተነበበ በኋላ ተከሳሹ የሚጠየቀው ነገር ስሙ የእምነት ክህደት ቃል ይባላል። ታምናለህ ወይስ ትክዳለህ? አምናለሁ ካለ ጥፋተኛ ይባላል። ከካደ ማስረጃ ይሰማበታል። ስለዚህ በችሎት ያመነ ይፈረድበታል። በወንጌል ያመነ አይፈረድበትም። ጠበቃው ሃያ ዓመት ይህን ቃል እየሰማ ኖሮ ሁለቱን አጋጥሟቸው እንደማያውቅ፣ አሁን ሲያያቸው ግን አንድ ሰው ላይ እንዳገኛቸው ጻፈ። ፈያታዊ ዘየማን፣ በቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ። ሉቃስ 23 ላይ መጀመሪያ በእኛስ በእውነት ተፈርዶብናል፣ የሚገባንን ነው የምንቀበለው አለ። ጥፋቱን አመነ። ከዚያ በመንግሥትህ አስበኝ አለ። በጌታ አመነ። ሁለቱም በአማርኛ አንድ ግሥ ነው። ጾም አልነበረውም፣ ምጽዋት አልነበረውም፣ እጁም ተቸንክሯል። አንድም ፕሮቴስታንት አንድም ኦርቶዶክስ ይህን አልተቃወመም። መልስ 3 ብቻ ጓደኛውን መገሠጹ ራሱ ሥራ ነው ሊል እንደሚችል ሰግቼ ነበር፣ ግን ዝም አለ።

መልስ 30 ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ነው የተጻፈው። ዓረብ አገር ቤት ውስጥ የምትሠራ ልጅ ናት። ስልክ የምታገኘው ሁሉም ሲተኙ ነው። ክሩን ወጥ ቤት ተቀምጣ ለሦስት ሌሊት አንብባዋለች። ቤተ ክርስቲያን ከረገጠች አራት ዓመት ሆኗታል። አትቆርብም። ጾም ሲገባ ከስልኳ ላይ ታውቃለች፣ ግን የምትበላው የተሰጣትን በተሰጣት ሰዓት ነው። እምነትና ምግባር ለምትሉ እኔ ምግባሬ የት አለ ብላ ጠየቀች። እምነት ብቻ ለምትሉ ደግሞ አንዳንድ ሌሊት እሱም እንደማይሰማት ጻፈች። ክርክር እንደማትፈልግ፣ መልስ ያለው ካለ ብቻ እንዲጽፍላት ለመነች። ሁለት ወንድሞቿን እንደምታስተምር የጻፈችው እግረ መንገዷን ነው።

ክሩ ለሃያ ሰዓት ጭጭ አለ።

መልስ 31 ማን ነው ብትሉኝ፣ ያ ሰላምታ የማያውቀው የያዕቆብ ሰውዬ። በክሩ ረጅሙን መልስ የጻፈው እሱ ሆነ። ሰላም ብሎ ጀመረ። ማቴዎስ 25ን አነሣላት። እዚያ በቀኝ የቆሙት መቼ አበላንህ፣ መቼ አለበስንህ ብለው ጌታን የሚጠይቁት፣ ምግባራቸውን ራሳቸው ስለማያውቁት ነው አላት። የሁለት ልጆች ደብተርና እንጀራ በየወሩ ስትልኪ ነው የምትጠይቂኝ ብሎ ገረመው። መልስ 32 የሐዋሳዋ እህት ናት። እምነት የስሜት ጉዳይ እንዳልሆነ፣ የያዘችው እጅ ሲደክም የያዛት እጅ እንደማይደክም ጻፈችላት። መልስ 33 የሰንበት ትምህርት ቤቱ መምህር ነው። ጾም በታመመና በግዞት ባለ ሰው ላይ እንደማይጫን ነግሯት፣ ለንስሐ አባቷ በስልክ እንድትነግራቸው መከራት። የሌሊት ጥሪ የሚያነሡ ካህን እንደሚያውቅም ጨመረ። መልስ 34 ነርሷ ናት፣ እንቅልፍሽን ተኚ አለቻት።

መልስ 35 የእኔ ነው። የልጅቷን መልስ ለእናቴ አነበብኩላት። ስለ ጸጋ፣ ስለ ሉተር፣ ስለ አውግስበርግ ሳነብላት ምስር እየለቀመች ነበር። ይቺኛዋ ላይ ስደርስ እጇ ቆመ። «የክርስትና ስሟ ማነው?» አለችኝ። ጠዋት ኪዳን ስትሄድ ልታስባት ነው። አላውቅም ስላት ጠይቅልኝ አለች። ስለዚህ በውስጥ መስመር እንድትልክልኝ ጻፍኩላት።

መልስ 36ን ሳየው ደነገጥኩ። እህቴ ናት። ክሩን ከመጀመሪያው ጀምሮ ስታነብ ኖራለች ለካ። ስለ እኔም ስለ እማዬም አንድ ቃል አልተናገረችም። ለልጅቷ ብቻ ነው የጻፈችው። እሷም ልትጸልይላት እንደምትፈልግ፣ የክርስትና ስም ካልመቻት የቤት ስሟም እንደሚበቃ ነገረቻት።

ልጅቷ እስካሁን አልመለሰችም። ስልኩን በየሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ አያለሁ።